የጋዝ ፋየርፕሌስ ሲያስገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ጭስ መውጫው ከዕቃው ይቅደም

በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶ፣ በቨርጂኒያ ወይም በካናዳዋ አልበርታ ቤት የገዛ ወገናችን ቤዝመንቱን ሲያስጨርስ ወይም ሳሎኑን ሲያሳድስ ከሚመኛቸው ነገሮች አንዱ በጋዝ የሚሠራ ፋየርፕሌስ ነው። እንጨት መፍለጥ የለ፣ አመድ መጥረግ የለ፤ ቁልፉን ሲጫኑት ይነዳል፣ መልሰው ሲጫኑት ይጠፋል። ይህ ቅለቱ ግን ብዙዎችን ያዘናጋል። ፋየርፕሌሱን እንደ ቴሌቪዥን በመልኩ መርጠው ይገዙና፣ ጋዙ ከየት እንደሚመጣና የተቃጠለው በየት እንደሚወጣ ማሰብ የሚጀምሩት ሣጥኑ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ቀጥሎ የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከዚሁ ከተገለበጠ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ቱቦው የሚያልፍበት መንገድና ከቤት የሚወጣበት ቦታ ይታወቅ፤ ዕቃው የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ጭስ ካልታየ አደጋ የለም ብሎ ማሰብ

አገር ቤት ያደገ ሰው የከሰልን ነገር ያውቃል። በደንብ ያልተቀጣጠለ ከሰል ቤት አስገብቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት እንደሚገድል እናቶቻችን ደጋግመው ነግረውናል። የጋዝ ነበልባል ግን ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም፣ ግድግዳም አያጠቁርም፤ ስለዚህ ያው የከሰሉ ገዳይ ከእሱም ሊወጣ እንደሚችል ይረሳል። የተፈጥሮ ጋዝ በቂ አየር አግኝቶ ሲነድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ወደ ውኃ ተን ይለወጣል። አየር ሲያጥረው ወይም የተቃጠለው መውጫ አጥቶ ተመልሶ ሲገባበት ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሆነ ሽታ የለውም፤ ከሰው ደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ ጥቂቱ ብዙ ይጎዳል። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው፣ ከቃጠሎ አደጋ ጋር ባልተያያዘ የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰዎች በአገሪቱ ሳያስቡት ይሞታሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ያልተቃጠለ ጋዝ ሲያፈተልክ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ አለው፤ ይህን ሽታ ሆን ብለው የሚጨምሩት የጋዝ ኩባንያዎች ናቸው። ከተቃጠለው የሚመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይሸትም። ስለዚህ «ቢኖር ኖሮ ይሸተን ነበር» የሚለው ማረጋገጫ የሚሠራው ለአንዱ አደጋ ብቻ ነው።

ዓይነቱን ሳይለዩ መግዛት

በሰሜን አሜሪካ ገበያ የሚገኙት የጋዝ ፋየርፕሌሶች የተቃጠለውን በሚያስወጡበት መንገድ በሦስት ይከፈላሉ። መደብር ውስጥ በርተው ሲታዩ ግን አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል።

የመጀመሪያው ዳይሬክት ቬንት የሚባለው ነው። ፊቱ በመስታወት ታሽጎ የተዘጋ ሲሆን፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚያልፍ ሁለት ቱቦ ከጀርባው ወይም ከአናቱ ተነሥቶ ወደ ውጭ ይወጣል። በውስጠኛው ቱቦ የተቃጠለው ይወጣል፤ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ደግሞ እሳቱ የሚፈልገው አየር ከደጅ ይገባል። የክፍሉን አየር አይወስድም፣ ወደ ክፍሉም የሚለቀው የለም። ሁለተኛው ቢ ቬንት ነው፤ አየሩን ከክፍሉ ይወስድና የተቃጠለውን በራሱ ሙቀት ኃይል ብቻ ሽቅብ በጣሪያ በኩል ይሰድዳል። ሦስተኛው ቬንት ፍሪ ይባላል፤ ጭስ ማውጫ የለውምና የተቃጠለው ሁሉ እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል።

ምርጫ ያለው ሰው ዳይሬክት ቬንቱን ቢይዝ እመክራለሁ። ቬንት ፍሪውን ሻጮች የሚያሞግሱት ሙቀቱ ሁሉ ቤት ውስጥ ስለሚቀርና ግድግዳ መብሳት ስለማያስፈልግ ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው። ከሙቀቱ ጋር ግን እርጥበቱም ይቀራል። በሰዓት 30,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) የሚፈጅ ፋየርፕሌስ ሦስት ሰዓት ከምናምን ሲነድ ወደ አራት ሊትር የሚጠጋ ውኃ በተን መልክ ወደ ክፍሉ ይለቃል። በክረምት ይህ ውኃ በመስኮቱ መስታወትና በግድግዳው ማዕዘን ላይ ይጠራቀምና ሻጋታ ያበቅላል። በእነዚህ ዕቃዎች ላይ ያለው መከላከያ የክፍሉ ኦክስጅን ከተለመደው 21 በመቶ ወደ 18 በመቶ ገደማ ሲወርድ እሳቱን የሚያጠፋ መሣሪያ ነው፤ መሣሪያው የሚለካው ኦክስጅንን እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን አለመሆኑን ልብ ማለት ያሻል። ካሊፎርኒያ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ይህን ዓይነቱን ትከለክላለች፤ በካናዳም አይፈቀድም። ስለዚህ በሚኖሩበት ከተማ የተፈቀደ መሆን አለመሆኑን ሳያጣሩ በኢንተርኔት ማዘዝ ገንዘብ መጣል ሊሆን ይችላል።

የክፍሉን አየር አለመስፈር

ቢ ቬንትም ሆነ ቬንት ፍሪ የክፍሉን አየር ስለሚወስዱ፣ ክፍሉ ምን ያህል አየር እንዳለው አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በአሜሪካ ብሔራዊ የነዳጅ ጋዝ ደንብ የተለመደው ስፍር በሰዓት ለሚነድ ለእያንዳንዱ 1,000 ቢቲዩ 50 ኪዩቢክ ጫማ ነው። በዚህ ስሌት 30,000 ቢቲዩ የሚፈጅ ዕቃ 1,500 ኪዩቢክ ጫማ ይፈልጋል፤ ጣሪያው 8 ጫማ ከሆነ ወለሉ ወደ 190 ካሬ ጫማ መሆን አለበት ማለት ነው። ብዙ ሰው ስሌቱን እዚህ ላይ ያቆማል።

ስህተቱም ያለው እዚህ ላይ ነው። በብዙ ቤዝመንት ውስጥ ፈርነሱ (ቤቱን የሚያሞቀው ዕቃ) እና የውኃ ማሞቂያው አብረው አሉ፤ እነሱም አየር የሚወስዱት ከዚያው ክፍል ከሆነ ሁሉም ይደመራሉ። ፈርነሱ 80,000፣ የውኃ ማሞቂያው 40,000፣ ፋየርፕሌሱ 30,000 ቢሆን ድምሩ 150,000 ቢቲዩ ነው፤ የሚያስፈልገውም 7,500 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም ከ900 ካሬ ጫማ በላይ ወለል ነው። ቤዝመንቱን ለመኝታና ለመጫወቻ በግድግዳ ሲከፋፍሉት ይህ ስፋት ሳይታወቅ ይጠፋል። በዚህ ላይ አዲስ መስኮትና አዲስ ማሸጊያ ሲጨመር ቤቱ እንደ ድሮው በስንጥቁ አይተነፍስም።

በእኛ ቤቶች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ለበዓል ዶሮ ወጥ ሲሠራ ሽንኩርቱ ለረጅም ሰዓት ሲቁላላ፣ ሽታው ልብስ ውስጥ እንዳይገባ ተብሎ ከምድጃው በላይ ያለው የኩሽና ማራገቢያ በመጨረሻው ኃይል ይለቀቃል። ይህ ማራገቢያ ከቤቱ ብዙ አየር ጠርጎ ያወጣል። ቤቱ ውስጥ የአየር ጉድለት ሲፈጠር ጉድለቱን የሚሞላ አየር ከተገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይገባል፤ በጣም ሰፊው ቀዳዳ የቢ ቬንቱ ጭስ ማውጫ ከሆነ፣ ሽቅብ መውጣት የነበረበት የተቃጠለ አየር ቁልቁል ተመልሶ ሳሎን ይገባል። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ደንብ በደቂቃ ከ400 ኪዩቢክ ጫማ በላይ አየር የሚያስወጣ ማራገቢያ ምትክ አየር የሚያስገባ መስመር እንዲኖረው የሚጠይቀው ይህን የመሰለውን ችግር ለመከላከል ነው። መፈተኛ መንገዱ ቀላል ነው፤ የቤቱ በርና መስኮት ይዘጋል፣ የኩሽናና የመታጠቢያ ቤት ማራገቢያዎች ይከፈታሉ፣ ፋየርፕሌሱ ይለኮሳል፤ አምስት ደቂቃ ያህል ከነደደ በኋላ የሚጨስ ሰንደል በፋየርፕሌሱ አፍ ላይኛው ጠርዝ ዳር ይያዛል። ጭሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ደህና ነው፤ ወደ ክፍሉ ከተመለሰ እሳቱ ወዲያው ይጥፋ፣ ባለሙያም ሳያየው ዳግም አይለኮስ።

የቱቦውን አፍ ባገኙበት ግድግዳ ማውጣት

ዳይሬክት ቬንት በግድግዳ በኩል ሊወጣ መቻሉ ትልቅ ምቾት ነው፤ ይሁን እንጂ ማንኛውም ግድግዳ ይሆናል ማለት አይደለም። በአሜሪካው ደንብ ከ10,000 እስከ 50,000 ቢቲዩ የሚፈጅ ዳይሬክት ቬንት አፉ ከሚከፈት መስኮት፣ ከበርና ወደ ቤት አየር ከሚያስገባ ማንኛውም ቀዳዳ ቢያንስ 9 ኢንች መራቅ አለበት፤ በካናዳ ከ10,000 እስከ 100,000 ቢቲዩ ላለው ርቀቱ 12 ኢንች ነው። ከመሬት ደግሞ ቢያንስ 12 ኢንች ከፍ ማለት አለበት። የአምራቹ መመሪያ ከዚህ የጠበቀ ርቀት ካዘዘ የሚሠራው የአምራቹ ነው።

ቁጥሩን ማሟላት ብቻውን አይበቃም። በጋ ላይ የሚለካ ሰው በረዶውን ይረሳዋል። በሚኒያፖሊስ ወይም በኤድመንተን ነፋስ የሚከምረው በረዶ ከመሬት 12 ኢንች ላይ ያለን ቱቦ በአንድ ሌሊት ሊቀብረው ይችላል። አፉ ሲደፈን እሳቱ ይጠፋል፤ በከፊል ሲደፈን ደግሞ የተቃጠለው በመግቢያው በኩል ተመልሶ ይገባና እሳቱ ይበላሻል። ስለዚህ ቦታው የሚመረጠው ያለፈው ክረምት በረዶ በየትኛው ግድግዳ ሥር እንደተከመረ ታውሶ ነው። ከዚህ ሌላ በዴክ ሥር፣ በሦስት ወገን በተዘጋ ጥግና የልብስ ማድረቂያው ብናኝ በሚተፋበት አጠገብ ማውጣት ችግር ያመጣል። የቤቱ ውጫዊ ልባስ ቪኒል ከሆነ ከቱቦው የሚወጣው ሙቀት ያቀልጠዋል፤ ለዚህ የተሠራ መከላከያ ስላለ ዕቃው ሲገዛ አብሮ ይታዘዝ። አፉ እጅ ሊደርስበት በሚችል ከፍታ ላይ ካረፈም መከለያ ያስፈልገዋል፤ ሲነድ የሚነካው ሕፃን ይቃጠላልና።

ቱቦውን እንደ ውኃ ቧንቧ ማጠማዘዝ

ዕቃው ሳሎን መሃል ላይ እንዲሆን ተፈልጎ ውጫዊው ግድግዳ ሩቅ ሲሆን፣ ቱቦው በጣሪያው ውስጥ ረጅም መንገድ አግድም ይጎተትና በሁለት በሦስት ክርን ይታጠፋል። የተቃጠለው አየር ግን የሚንቀሳቀሰው በሙቀቱ ነው፤ አግድም በተጓዘና በታጠፈ ቁጥር ኃይሉን ያጣል። አምራቹ ከዕቃው ጋር በሚያቀርበው መጽሐፍ ውስጥ ሽቅብና አግድም ርዝመቱን የሚያነጻጽር ሠንጠረዥ አለ፤ እያንዳንዱ ክርን ከተፈቀደው ርዝመት ስንት ጫማ እንደሚቀንስም ይነግራል። ይህን ሠንጠረዥ ከመግዛት በፊት ማየት ያስፈልጋል። ከልክ በላይ ሲረዝም ነበልባሉ ከማቃጠያው ተነሥቶ ይንሳፈፋል፣ ይጠፋልም፤ በጣም ረጅም ሆኖ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ደግሞ በተቃራኒው ስበቱ ይበረታና ማገጃ ሳህን ይፈልጋል።

የአንዱን ኩባንያ ቱቦ ከሌላው ክርን ጋር ማጋጠምም የተለመደ ስህተት ነው። ስፋቱ ስለተመሳሰለ ብቻ አይገጥምም፤ ቱቦው የተፈተነውና ፈቃድ ያገኘው ከራሱ መጋጠሚያዎች ጋር ነው።

አሮጌውን የእንጨት ጭስ ማውጫ እንዳለ መጠቀም

በድሮ ቤቶች ውስጥ በጡብ የተሠራ የእንጨት ፋየርፕሌስ ይገኛል፤ ብዙዎችም ጋዙን እዚያው ማስገባት ይፈልጋሉ። ይቻላል፤ ነገር ግን በጡቡ ውስጥ ለጋዙ የተለየ ቱቦ መውረድ አለበት። ታሽጎ ለተሠራው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ሁለት ተጣጣፊ የአሉሚኒየም ቱቦዎች፣ አንዱ ለአየር ማስገቢያ ሌላው ለማስወጫ፣ ከአናት እስከ ዕቃው ይወርዳሉ። ክፍት በሆነው ምድጃ ላይ የውሸት ግንዶች የሚያስቀምጡ ሰዎች ደግሞ የጭስ ማውጫውን መክፈቻ ሳህን ቀዝቃዛ አየር ይገባብናል ብለው ይዘጉታል። ይህ ሳህን ጋዝ ከገባ በኋላ ከቶ እንዳይዘጋ በብረት መያዣ መታሰር አለበት። ሥራው ከመጀመሩ በፊትም የጡቡ ጭስ ማውጫ ይጠረግ፣ የወፍ ጎጆና የተሰነጠቀ ሽፋን ካለውም ይታይ።

የጋዙን መስመርና ዓይነቱን ችላ ማለት

የተፈጥሮ ጋዝና ፕሮፔን በአንድ ዕቃ እንደ ልብ የሚለዋወጡ አይደሉም። አንድ ኪዩቢክ ጫማ የተፈጥሮ ጋዝ ወደ 1,000 ቢቲዩ ሙቀት ሲሰጥ ፕሮፔን ወደ 2,500 ይሰጣል፤ ስለዚህ ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ዕቃ ፕሮፔን ቢለቀቅበት ከታሰበለት እጅግ በላይ ይነዳል፣ ጥላሸትም ይተፋል። ከዕቃው ሥር ያለውን ክዳን ሲያነሱ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ያገኛሉ፤ የጋዙ ዓይነት፣ የቢቲዩ መጠንና የሚፈልገው ግፊት በላዩ ተጽፏል። ከመገጠሙ በፊት ያንን አንብቡ። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል፤ በቤዝመንት ውስጥ ይህ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የቧንቧው ስፋትም እንዲሁ። ወጥ ቤቱ፣ ፈርነሱና የውኃ ማሞቂያው በሚጋሩት መስመር ላይ ሌላ 30,000 ቢቲዩ ሲጨመር ቧንቧው ላይበቃ ይችላል። ምልክቱ ፈርነሱ ሲነሣ የፋየርፕሌሱ ነበልባል ማነሱ ነው። ቢጫው ተጣጣፊ ቧንቧ ጥቅም ላይ ከዋለ ደግሞ መብረቅ እንዳይበሳው በመዳብ ሽቦ ከቤቱ የኤሌክትሪክ መሬት ጋር መያያዝ አለበት፤ ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

በዴንቨርና በአውሮራ ለምትኖሩ ይህን ልጨምር። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ለባሕር ዳርቻ የተለካ የጋዝ ቀዳዳ እዚያ ከአየሩ በላይ ጋዝ ይለቃል። የደንቡ የተለመደ ስሌት ከ2,000 ጫማ በላይ ባለ ቦታ ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ 4 በመቶ መቀነስ ነው። ሻጩ ከሌላ ግዛት የላከውን ዕቃ ለከፍታው ሳያስተካክሉ መለኮስ አይገባም።

እንጨቱን፣ ቴሌቪዥኑንና መስታወቱን መርሳት

ከፋየርፕሌሱ በላይ ቴሌቪዥን መስቀል ዛሬ የተለመደ ሆኗል። ነገር ግን ቴሌቪዥንም ሆነ እንጨት፣ ሊነድ የሚችል ነገር ሁሉ ከዕቃውና ከቱቦው ምን ያህል መራቅ እንዳለበት በመጽሐፉ በኢንች ተጽፏል። ቱቦው በሚያልፍበት ጉድጓድ ውስጥ የሙቀት መከላከያ ጥጥ እንዳይነካው፣ በየወለሉ ሲያልፍም የእሳት ማገጃ ሰሌዳው እንዳይዘለል መከታተል የባለቤቱ ፋንታ ነው። ተራ ድራይዎል ወረቀት ስለለበሰ በዕቃው ፊት አካባቢ እንደሚነድ ነገር ይቆጠራል።

እሳቱ ሲነድ መስታወቱ ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊግል ይችላል፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ትኩስ ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2015 ጀምሮ በአሜሪካ የሚመረቱት፣ መስታወታቸው ከ172 ፋራናይት በላይ የሚግል ከሆነ፣ የመከላከያ ወንፊት ይዘው እንዲወጡ ይገደዳሉ። ወንፊቱ መልኩን ያበላሻል ብለው የሚያወልቁት አሉ። ድክ ድክ የሚል ልጅ ባለበት ቤት ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ያገለገለ ወይም ቀደም ያለ ዕቃ የገዛም መከለያ ለብቻው ይግዛ።

ግድግዳው ሳይታይ መዝጋት

የጋዝ ሥራ ፐርሚት ይፈልጋል፤ «እጁ ጥሩ ነው» የተባለ ወዳጅ ፈቃዱ ከሌለው አይሠራውም። ኢንስፔክተሩ ቱቦውንና ቧንቧውን ማየት ያለበት ድራይዎሉ ከመመታቱ በፊት ነው፤ መስመሩም በግፊት መለኪያ ታስሮ ግፊቱ እንደማይወርድ መታየት አለበት። ያለ ፐርሚት የተሠራ ሥራ ቤቱ ሲሸጥ ይጋለጣል፣ አደጋ ሲደርስም ኢንሹራንሱን ያከራክራል። በግቢ ውስጥ አዲስ መስመር የሚቀበር ከሆነ ከመቆፈሩ በፊት በአሜሪካ ወደ 811 መደወል ግዴታ ነው።

ከተገጠመ በኋላ መተው

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነድ ቀለሙና ዘይቱ ስለሚቃጠል ይሸታል፤ መስኮት ተከፍቶ ለጥቂት ሰዓታት ይንደድ። መስታወቱ ላይ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጉም መታየቱና ከጊዜ በኋላ ነጭ ሽፋን መያዙ ያለ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ለዚሁ በተሠራ ማጽጃ ይጠረጋል። ጥቁር ጥላሸት ግን ያለ ነገር አይደለም፤ ሲታይ እሳቱ ይጥፋና ባለሙያ ይጠራ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከክረምት በፊት፣ ማሸጊያው፣ ማቃጠያውና የቱቦው አፍ ይታይ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚለኮስ መሆኑንም ከመግዛት በፊት ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 በቴክሳስ መብራት በጠፋ ጊዜ ብርዱ አስገድዷቸው ከሰልን፣ ጄኔሬተርንና ጋራዥ ውስጥ የተነሣ መኪናን ለሙቀት የተጠቀሙ ብዙ ሰዎች ተመርዘዋል፤ ከሞቱት መካከል ኢትዮጵያውያንም ነበሩ።

የካርቦን ሞኖክሳይድ መጥሪያ በየወለሉና በመኝታ ክፍሎች አቅራቢያ ይኑር፤ ጀርባው ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ጊዜ ሲያልፍ ይለወጥ። መጥሪያው በ70 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 70ው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን) የሚጮኸው ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ በ400 ፒፒኤም ግን ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ይጮኻል። ስለዚህ መጥሪያው ዝም ቢልም፣ ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካቅለሸለሻቸውና ደጅ ሲወጡ ከተሻላቸው፣ ጉንፋን ነው ብለው አይተኙ። ሁሉም ከቤት ይውጡ፣ ደጅ ሆነው 911 ይደውሉ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አየሩን ለክተው እስኪፈቅዱ ድረስም ልብስ ለማምጣት እንኳ ማንም ተመልሶ አይግባ።